የ412 ካርድ አይዘጋም

ሐሙስ ሐሙስ የምንገናኘው ሰዎች በስም አንጠራራም። ነገሩን የጀመርኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ሰው ላይ ቅጽል ስም መለጠፍ ከልጅነቴ ጀምሮ ያልለቀቀኝ አመል ነው። እኔ «ጋሼ ፖስታ» ነኝ፤ አርባ ዓመት ፖስታ ቤት ውስጥ ደብዳቤ ስለይ ኖሬ በጡረታ ወጣሁ። ሊቀመንበራችን ጡረተኛ ነርስ ስለሆነች «ሲስተር» ናት፤ ስትቆጣ አሁንም መርፌ የያዘች ትመስላለች። መደርደሪያ የሚጠግንልን አናጺ «ሚስማር» ነው። እሷን ደግሞ «እትዬ ሙጫ» አልናት፤ በዓለም ላይ እንደ ሙጫ የምትጠላው ነገር ስላልነበረ ነው።

ዛሬ የምጽፈው ስለ እሷ ነው። ስለ እሷ ስጽፍ ግን የራሴን ጥፋት ዘልዬ ማለፍ አልችልም። ይኸው ስምንት ወር ሆነኝ፤ የቤተ መጻሕፍቱ በር በተከፈተ ቁጥር አሁንም ደንገጥ ብዬ ቀና እላለሁ።

«የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ወዳጆች ማኅበር» እንባላለን። ስማችን ረጅም ነው፣ እኛ ግን አራት ነን። ከንባብ አዳራሹ ጀርባ ያለችውን ክፍል ሰጥተውናል፤ ቀድሞ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ነበረች። ቧንቧዋ እስካሁን ያንጠባጥባል፤ ሚስማር በየሳምንቱ «በሚቀጥለው ሐሙስ እሠራዋለሁ» ይላል። ጠረጴዛችን አሮጌ በር ነው፤ የቁልፉ ቀዳዳ ስላልተደፈነ እርሳሳችን ሁሉ በዚያ እየሾለከ ይወድቃል። መስኮቱ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ያያል። እዚያች ክፍል ውስጥ የተገነጠለ እንጠግናለን፣ የመጽሐፍ ጀርባ ላይ ቁጥር እንጽፋለን፣ ሰው የለገሰንን መጽሐፍ ከአቧራው እንለያለን።

እትዬ ሙጫ የመጣችው የዛሬ አምስት ዓመት ግድም ነው። ጥቁር የእጅ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋ በሩ ላይ ቆመች። ሲስተርና እኔ አንድ መዝገበ ቃላት ሙጫ እየለቀለቅን ነበር። የመጣችበትን ጉዳይ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ዓይኗ እጃችን ላይ ዐረፈ።

«ምን እያደረጋችሁት ነው?» አለች።

«እየጠገንነው ነዋ» አልኳት።

«እየገደላችሁት ነው እንጂ። ይሄ እኮ በክር የተሰፋ ነው። ሙጫው ሲደርቅ ይሰነጠቅና ቅጠል በቅጠል ይረግፍባችኋል። መርፌ የላችሁም?»

አልነበረንም። ከቦርሳዋ አውጥታ፣ ሳትጋበዝ ወንበር ስባ ተቀመጠችና መዝገበ ቃላቱን ከእጃችን ነጠቀችን። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ፈታታ መልሳ ሰፋችው። ሲስተር ከእጇ ይልቅ ፊቷን ነበር የምታየው፤ ቆይታ «ሐሙስ ሐሙስ ብትመጪልን ደስ ይለናል» አለቻት። የመጣችበትን ጉዳይ ማናችንም አልጠየቅናትም፤ እሷም ሳትናገር ቦርሳዋን አቅፋ ሄደች።

ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፊ ነበረች። ሥራዋ በአብዛኛው የተማሪ ዩኒፎርም ነው፤ የዚህ ከተማ ልጅ ግማሹ በእሷ እጅ የተሰፋ ኮሌታ ለብሶ አድጓል። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ አንድ ቀን እመጣለሁ ብሎ ወጥቶ በዚያው ቀረ። ይህን የነገረችን እንደ ቀልድ ነው፤ «መንገዱ ረዝሞበት ይሆናል» ብላ። ከዚያ ያለፈ ስለ ራሷ አታወራም ነበር። ስለ እኛ ግን ታወራለች። መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ ስፈልገው እያየች ዝም ትለኛለች፤ ክፍሉን ሁሉ አገላብጬ ከጨረስኩ በኋላ «እስቲ ከፍ ብለህ ፈልገው» ትላለች።

አሁን መለስ ብዬ ሳስበው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው፣ ስትጽፍ አይቻት አላውቅም። የጥገና መዝገቡን ስሰጣት «አንተ ሙላው፣ እጄ ሙጫ ነው» ትለኛለች፤ ሙጫ እንደማትነካ ሁላችንም እያወቅን። ስታነብም ጣቷን ከፊደል ፊደል እያሳለፈች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው። ፊደል የቆጠረችው ዘግይታ እንደሆነ ገምተን ነገሩን አላነሳንባትም። ሁለተኛው ቦርሳዋ ነው። መሬት አታስቀምጠውም፤ ጭኗ ላይ አድርጋ በላዩ ትሰፋለች።

«ወርቅ ነው እንዴ የተሸከምሽው?» አልኳት አንድ ቀን።

«ከወርቅ ይከብዳል» አለችኝ፤ ተሳሳቅን።

ነገሩ የመጣው ከኮምፒውተሩ ጋር ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ለቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ሰጠና የአንባቢዎች ዝርዝር ሁሉ ወደዚያ ይግባ ተባለ። እስከዚያ ድረስ የነበሩን ሁለት መሳቢያዎች ናቸው፤ የላይኛው የክፍት ካርዶች፣ የታችኛው የዝግ ካርዶች። በላይኛው መሳቢያ ላይ የድሮው ኃላፊ በቀይ ቀለም የጻፏት ወረቀት ተለጥፋለች። ሰውየው ራሳቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ትእዛዛቸው ግን አልሞተም፦ «መጽሐፍ በእጁ ያለ አንባቢ ካርዱ አይዘጋም»። በዚህች ወረቀት የተነሳ፣ የወሰደውን ያልመለሰ ሰው ሁሉ ሠላሳ ዓመትም ቢያልፈው በእኛ ዘንድ ሕያው አንባቢ ነው።

አዲሷ ኃላፊ ወጣት ናት፤ ሥርዓት ትወዳለች። ካርዶቹን ቆጠረችና ስልሳ ሦስት የቆዩ ተበዳሪዎች አገኘች። ለእያንዳንዳቸው ደብዳቤ ይጻፍ፣ ሦስት ወር ይጠበቅ፣ ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ካልተመለሰ እንደጠፋ ተቆጥሮ ካርዱ ይዘጋ አለች። ደብዳቤ የሚባል ነገር ሲነሳ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔም ደስ አለኝ። አርባ ዓመት የሰው ደብዳቤ ውጪውን ብቻ ሳይ ኖሬ፣ ውስጡን የምጽፍበት ጊዜ ደረሰ ብዬ።

ደረቅ ደብዳቤ ማን ያነባል? ለእያንዳንዱ እንደ መጽሐፉ ቀልድ አበጀሁለት። የአትክልት መጽሐፍ ለወሰደው ሰው «ዛፉ ለፍሬ ደርሶ ከሆነ መጽሐፉን መልስና ፍሬውን አንተው ብላ» ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ካርድ ቁጥር 412 ላይ ደረስኩ። እኛ አንባቢን በቁጥሩ ነው የምንጠራው፤ እኔም ልጅቷን በቁጥሯ እጠራታለሁ። የወሰደችው አንድ ወፍራም የባሕር ጉዞ ልብ ወለድ ነው። ከተወሰደ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የጻፍኩላት ይህ ነው፤ ቃሉን አልረሳሁትም፣ ብረሳው በወደድኩ፦

«ውድ 412፣ የወሰድሽው መጽሐፍ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላው። አንድን መጽሐፍ ይህን ያህል ያመነዠከ አንባቢ ስላገኘን ኮርተናል። ጨርሰሽው ከሆነ መልሺው። ካልጨረስሽው ጻፊልን፣ ጊዜ እንጨምርልሻለን። ሞተሽ ከሆነም ግድ የለም፤ መንፈስሽ ይዞት ይምጣ።»

ከመላኬ በፊት በክፍላችን ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሚስማር ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ። ሲስተርም፣ ትንሽ አፍራ፣ ሳቀች። እትዬ ሙጫ አንገቷን ደፍታ ትሰፋ ነበር፤ ሳነብ ቆየችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ፈገግ ያለች መስሎኝ ነበር።

ከስልሳ ሦስቱ ወደ ሃያ የሚሆኑት መጽሐፉን መለሱ፤ ጥቂቶቹ ሰደቡኝ፤ የቀሩት ዝም አሉ። በሁለተኛው ሳምንት ግን የ412 መልስ መጣ። ፖስታው ላይ ያለው የእኛው ከተማ ማኅተም ነው። ውስጡ ከደብተር የተቀደደ ገጽ፦

«ለቤተ መጻሕፍቱ ወዳጆች። ደብዳቤው ደርሶኛል። መጽሐፉን አልጨረስኩትም። ገጽ 117 ላይ ነኝ። ጊዜ ይጨመርልኝ። 412።»

እንዴት ደስ እንዳለኝ። አንድ ወር ጨመርኩላት። በወሩ «አሁንስ የት ደረስሽ?» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ መጣ፦ «ገጽ 117 ላይ ነኝ። ጊዜ ይጨመርልኝ።» በክፍላችን ውስጥ መሳቂያ አደረግናት። ሚስማር «የእኛ መንፈስ» አላት፣ ስሙም ጸና። ሐሙስ ስንገናኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «መንፈሳችን ጽፋለች?» ሆነ። እኔም የበለጠ ተጫወትኩባት፤ «ገጽ 117 ላይ ምን አለ? መርከቡ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ነው የማይንቀሳቀሰው?» ብዬ ላኩላት። ሦስተኛው መልስ ያው ነው። ገጽ 117። ጊዜ ይጨመርልኝ።

በዚያ ሰሞን ነው አንድ ነገር የጀመረኝ። አዳራሹ ውስጥ ስገባ ሴት አንባቢዎችን አንድ በአንድ ማየት ያዝኩ። ማናት? ካርዷ የልጆች ካርድ ነው፤ አሁን የሠላሳ ምናምን ዓመት ሴት ትሆናለች። በመስኮቱ በኩል ያለችው ወንበር ባዶ ሆና ሳያት፣ አሁን የተነሳ ሰው ያለባት ይመስለኛል። በሩ ሲከፈት ቀና እላለሁ። ማንም ሳይገባ በነፋስ ሲከፈት ደግሞ የባሰ ነው። ቤት ገብቼም ያችን ገጽ ቁጥር አስባለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ገጽ ላይ የቆመ ሰው ምን እያየ ነው?

ካርዱ ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የመመዝገቢያ ቅጿን ከማኅደሩ አወጣሁ። አንባቢው ራሱ ነው ቅጹን የሚሞላው። «ዕድሜ፦ 11» ይላል። ደብዳቤዎቹን ከኪሴ አውጥቼ ጎኑ ዘረጋኋቸው።

አርባ ዓመት የሰው እጅ ጽሑፍ ያየሁ ሰው ነኝ። እጅ ጽሑፍ እንደ ፊት ያረጃል። የማውቃቸው ልጆች ፊደል ሲያድግ፣ ሲያገባ፣ ሲታመም፣ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ቅጹ ላይ ያለችው ልጅ «ለ»ን ስትጽፍ ቀኝ እግሩን አስረዝማ ከመስመሩ ታወርደዋለች፤ ፊደሉ የሚያነክስ ይመስላል። «ለመዋስ» የሚለው ቃል ላይ አለ። ደብዳቤው ላይ «ለቤተ መጻሕፍቱ» የሚለው ቃል ላይም አለ። ያው «ለ»፣ ያው እግር፣ ያው ጎበጥ ያለ የልጅ አጻጻፍ። ሃያ ሁለት ዓመት አላረጀም። ይህን የጻፈው እጅ ዛሬም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እጅ ነው።

ጠራራ ፀሐይ በመስኮት ገብታ፣ ከውጭ የአውቶቡስ ረዳት እየጮኸ፣ ፈራሁ። ስድሳ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ወረቀት ፈርቼ አላውቅም ነበር። «መንፈስሽ ይዞት ይምጣ» ያልኩት እኔ ነኝ። ቧንቧው ጠብ ባለ ቁጥር ከኋላዬ ሰው ያለ እየመሰለኝ፣ ቅጹንና ደብዳቤዎቹን ሰብስቤ ሲስተር ቤት ሄድኩ።

ሲስተር ቅጹ ላይ ያለውን ስም አየች። ሁለተኛ አየች። መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«412 ይቺ ናት እንዴ?» አለች። «ይቺ ልጅ ሞታለች እኮ። ሳንባዋን ታማ ዘጠኝ ቀን እኛ ጋ ተኛች። ዓይኗን የከደንኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ይሄን ማን ይጽፋል?»

ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ አገላበጠች።

«ሲስተር፣ እባክሽ። ዘመድ አላት?»

«እናት አላት» አለች። «አምስት ዓመት ሙሉ ከጎንህ ተቀምጣ ትሰፋለች።»

ካርዱ ላይ ያለው የልጅቷና የአባቷ ስም ነው፤ የእናትየው ስም የትም አልተጻፈም። ቢጻፍስ ኖሮ? እኔ እንደሆንኩ እትዬ ሙጫ ከማለት በቀር እውነተኛ ስሟን ጠይቄ አላውቅም። ሲስተር ግን በመጀመሪያው ቀን እትዬ ሙጫ በሩ ላይ ስትቆም ነው ያወቀቻት። «እሷ ካላነሳችው እኔ ምን ብዬ አነሳለሁ?» አለችኝ። ከዚያ የደብዳቤው ነገር ትዝ አላት መሰለኝ፣ እጇ አፏ ላይ ሄደ። «እኛ እኮ ስቀናል» አለች። ወደ ቤቴ ስመለስ በማውቀው መንገድ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ።

ሐሙስ መጣ። አልሄድም ብዬ ነበር፤ ሄድኩ። ሚስማርና ሲስተር መደርደሪያ ሊያቀኑ ወደ አዳራሹ ሲወጡ እኔና እሷ ብቻችንን ቀረን። የአንድ ጂኦግራፊ መጽሐፍ ወገብ ትሰፋ ነበር። ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ነው።

«እትዬ» አልኳት፤ «ሙጫ» የሚለው አልወጣ አለኝ። «ያን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ቁጭ ብዬ ሰምቼህ የለ?»

«አላወቅኩም ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም።»

መርፌዋን ቀሚሷ ላይ ሰካች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትሰፋ አየኋት።

«መጀመሪያ ስሰማህ ተነስቼ ልሄድ ነበር» አለች። «እግሬ እምቢ አለኝ። በኋላ ፖስታው ቤቴ ድረስ መጣ። በስሟ። ሃያ ሁለት ዓመት በስሟ ምንም ነገር መጥቶ አያውቅም ቤቴ። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። መንፈስሽ ይዞት ይምጣ ይላል። አሰብኩ፤ መንፈሷ ማን ነው? እኔ ነኛ። ከእኔ ሌላ ምን የቀራት አለ?»

ከዚያ ነገረችኝ፤ ቀስ ብላ፣ እንደምትሰፋው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከስፌት መኪናው ሥር ጨርቅ ላይ ተቀምጣ ጮክ ብላ ታነብላት ነበር። እናትየው ያን ጊዜ ፊደል አታውቅም። የባሕር ጉዞውን መጽሐፍ የመረጡት ረጅም ስለሆነ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ እንዲያቆያቸው። አንድ ቀን ገጽ 117 መጨረሻ ላይ ስትደርስ ሳል ያዛት። «ነገ እቀጥልልሻለሁ» አለች። የገጹን ጫፍ አጥፋ መጽሐፉን ዘጋችው። በማግስቱ ሲስተር ያለችበት ጤና ጣቢያ ወሰዷት።

«ከዚያ በኋላ ደብተሮቿን አውጥቼ ፊደል መማር ጀመርኩ» አለች። «ማንም አላስተማረኝም። እሷ የጻፈችውን እያየሁ በላዩ ላይ እጽፋለሁ፣ በጎኑ እጽፋለሁ። ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ አትጠይቀኝ። ሌላ አጻጻፍ አላውቅም። እጄ የእሷ እጅ ነው።»

የሚያነክሰው «ለ» ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባኝ። ፍርሃቴ ለቀቀኝ ብዬ ብናገር እዋሻለሁ። ሌላ ፍርሃት ሆነ።

ቦርሳዋን ከፍታ መጽሐፉን አወጣች። ከገጽ 117 በኋላ ያለው ክፍል በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ በክር ታስሯል። ጀርባው ሦስት ጊዜ ተሰፍቷል፤ ስትሰፋው እንኳ ያን ጨርቅ አልፈታችም። እስከ 117 ድረስ ያለውን በቃሏ ታውቀዋለች። አምስት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ይህ መጽሐፍ ወደ ቤቱ እየመጣ ተመልሶ ሄዷል፤ በመጀመሪያው ቀንም የመጣችው ልትመልሰው ነበር።

«ለምን አልመለስሽውም?» አልኳት።

«ያን ዕለት ስወጣ መሳቢያችሁ ላይ ያለውን አነበብኩታ» አለች። «ገና ፊደል የለየሁ ሰሞን ነበር፣ የተጻፈ ባየሁበት ሁሉ እየቆምኩ አነባለሁ። መጽሐፍ በእጁ ያለ አንባቢ ካርዱ አይዘጋም። እዚህ ብመልሰው ትዘጋላችሁ። ይሄ እዚህ ጭኔ ላይ እስካለ ግን አለች። ቀበሌውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም ዘግተዋታል። አንድ ቦታ ብቻ አልተዘጋችም።»

በሁለት ሳምንት ውስጥ ካርዱ እንደሚዘጋ ታውቃለች፤ ኃላፊዋ ሦስት ወር ብላ ስትወስን አብራን ነበረች። ኃላፊዋን ለምኜ አንዱን ካርድ መሳቢያ ውስጥ ማስቀረት እችል ነበር። ልነግራት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«እንዳታስቀርልኝ» አለች። «ደክሞኛል። ብቻዬን ግን ያን ጨርቅ መፍታት አልቻልኩም። እሷ ያልሰማችውን እኔ ብቻዬን እንዴት እሰማለሁ? አንተ አንብብልኝ። ቀልደህ ጠርተሃት የለ፤ በል አሁን ያለ ቀልድ አንብብ።»

በመጨረሻው ሐሙስ አደረግነው። ሲስተር ሚስማርን አንድ ጉዳይ ፈጥራ ይዛው ወጣች። ኃላፊዋ አዳራሹ ውስጥ ኮምፒውተሩ ላይ ነበረች። እትዬ ሙጫ በመቀሷ ክሩን ቆረጠችና ጨርቁን ፈታች። መጽሐፉን በሁለታችን መካከል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የገጽ 117ን የመጨረሻ መስመር በቃሏ አለችው፣ ዓይኗን ጨፍና፦

«ካፒቴኑ ደረጃውን ወጥቶ ወደ ሰማይ ቀና ሲል...»

እዚያ ላይ ያልቃል። ግሱ የለም። ግሱ ያለው ከቅጠሉ ጀርባ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ያን ግስ ስትጠብቅ ኖራለች። ቀና ሲል ምን አየ? ምን ሆነ? ገለበጥኩ።

«...ዝናብ ማካፋት ጀምሮ ነበር» ብዬ አነበብኩ።

ዓይኗን ገለጠች።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ዝናብ?»

«ማካፋት ነው የሚለው።»

ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ወደ ልቅሶ ዞረ፣ ከዚያ ተመልሶ ሳቅ ሆነ። «እሷ ትቀልድብኝ ነበር» አለች ዓይኗን በጨርቁ እየጠረገች። «ነገ ትልቅ ነገር ይመጣል፣ ሳትሰሚ እንዳትተኚ ትለኝ ነበር። ይሄን ነው?» እኔም አለቀስኩ፤ መነጽሬን ግንባሬ ላይ መስቀል ረስቼ መስተዋቱ ጭጋግ ለበሰ። ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል።

ትንሽ ቆይተን ወደ መሳቢያው ሄድን። መጽሐፉን ዘርግታ ሰጠችኝ፤ ግን ልቀበላት ስል አልለቀቀችውም።

«መጀመሪያ የእኔ ቅጽ ይሞላ» አለች። «የእኔ ካርድ ሳይከፈት የእሷን እንዳትዘጋ። መጽሐፉ ለአንድ ደቂቃም ባለቤት የሌለው እንዳይሆን።»

እንዲህ ያለ ደንብ የለንም፤ ግን ማን ይከለክላታል? ቅጹን ሰጠኋት። ከአምስት ዓመት በኋላ እውነተኛ ስሟን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ቁጥር 2208 ሰጠኋት። መጽሐፉን ከ412 ተቀብዬ ለ2208 አዋስኩ፤ እጄ ላይ የቆየው አንድ ትንፋሽ ያህል ነው።

ኃላፊዋ ከአዳራሹ በኩል «ጋሼ፣ 412 እንዴት ሆነ? ላስገባው ወይስ ይዘጋል?» አለችኝ።

«ይዘጋል» አለች እትዬ ሙጫ፣ እኔን ቀድማ።

ካርዱን ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ ሁለት መስመር አለ፤ «የተዘጋበት ቀን» እና «ምክንያት»። ቀኑን ጻፍኩ። ምክንያቱ ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። ለሌሎቹ «ከተማ ለቅቃለች»፣ «አልተገኘም» እያልኩ ስጽፍ ነው የሰነበትኩት። ለእሷም እንዲሁ ያለ ለስላሳ ቃል ስፈልግ እጇን ዘረጋች።

«አምጣው» አለች። «እኔ ልጻፈው። በአፌ አውጥቼው አላውቅም፤ በእጄ ይሻለኛል።»

ጎንበስ ብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ አንዲት ቃል ጻፈች። «ሞታለች»። «ለ» ቀኝ እግሯ ረዝማ ከመስመሩ ወርዳለች። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ስለ ራሷ የጻፈችው ይመስላል። ሌሎቹን ካርዶች ሁሉ ረስቼ፣ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ያች ፊደል ናት።

ማኅተሙን ከቀለሙ ላይ አንስቼ ይዤው ቀረሁ።

«ምታው» አለችኝ።

መታሁት።